ሸምበቆው ስለ ተነቀለበት ማጣሪያና በእህቴ በር ስለሚያልፈው ቦይ

ለውኃና ፍሳሽ ጉዳይ ዋና መሥሪያ ቤት
ለክቡር ዋና ኃላፊው

ቀን፦ 14/05

ጉዳዩ፦ የሰፈራችን የሸምበቆ ማጣሪያ በዚህ ወር በ29ኛው ቀን በአፈር እንዳይደፈንና ክፍቱ የፍሳሽ ቦይ ከታላቅ እህቴ በር እንዲነሳ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ በተለይም የአፍንጫዎን። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ቧንቧ ስገጥምና ስፈታ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ደግሞ የሰፈራችን ፍሳሽ ማጣሪያ ተንከባካቢ ሆኜ አገልግያለሁ። በዚህ ጉዳይ ለቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ሦስቱንም ያጻፍኩት በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ በሚሠራ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበር። ሰውየው ትሁት ነው፤ እኔ «ሰገራ» ባልኩ ቁጥር እሱ «ተረፈ ምርት» እያለ ይጽፋል፤ «ይገማል» ስለው «ምቾት ይነሳል» ይላል። እንዲያ ተሽሞንሙኖ የተጻፈውን አንብበው ነው መሰለኝ ማንም አልደነገጠም። ይህንን ግን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። አክብሮቴን አላጓድልም፤ ሰገራውን ግን በስሙ እጠራዋለሁ።

1. ማጣሪያው ምን እንደ ሆነ በቅድሚያ ላስረዳ። ሰፈራችን አርባ ስምንት ቤት ነው። ትልቁ የፍሳሽ መስመር እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ይደርሳል ብለንም አንጠብቅም። ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጥታ ከሰፈሩ በታች ባለው ተዳፋት ላይ ሁለት ሰፋፊ ገንዳዎች አስቆፈረችን፤ ወለላቸውን በወፍራም ፕላስቲክ አስነጠፈች፣ በታጠበ ጠጠር አስሞላች፣ በጠጠሩ ላይም ሸምበቆ አስተከለችን። የየቤቱ ፍሳሽ በመጀመሪያ ወደ ማቆያ ጉድጓድ ይገባል፤ ዝቃጩ እዚያ ይቀራል። ውኃው ደግሞ በጠጠሩ ሆድ ውስጥ ለዓይን ሳይታይ ቀስ እያለ ያልፍና በታች በኩል ባለው መውጫ ሳጥን ይወጣል። ሸምበቆው ለጌጥ የተተከለ አይደለም። ሥሩ ወደ ጠጠሩ አየር ያወርዳል፤ በሥሩና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ቆሻሻውን ይበሉታል። ሞተር የለውም፣ መብራት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሸምበቆው በሕይወት እንዲኖርና በጠጠሩ ውስጥ አፈር እንዳይገባ።

2. አያያዛችንን በተመለከተ፦ በሰፈራችን «የወንፊት ተራ» የሚባል ነገር አለ። ፍሳሹ ወደ ማቆያው ከመግባቱ በፊት በብረት ወንፊት ያልፋል፤ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቤት በተራው ያንን ወንፊት ያጸዳል። አስተማሪም ይሁን ዘበኛ፣ ተራው ሲደርስ ጓንት አጥልቆ ይወርዳል፤ ምክንያት አይሰማም። ማን ምን እንደ ጣለ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ የሚጥል ሰው ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በስድስት ዓመት ውስጥ ካልሲ፣ የሻይ ማንኪያና አንድ ጊዜም የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ሰው ሠራሽ ጥርስ ተገኝቷል። ባለቤቱ በሳሙና አጥቦ መልሶ አጠለቀው፤ እኛ ግን ለአንድ ወር ያህል ከእሱ ጋር አንድ ገበታ ላይ መቀመጥ አቃተን። ይህን የምጽፈው ክቡርነትዎን ለማሳቅ ብዬ አይደለም። ቆሻሻችንን በቅርብ የምናውቅ፣ በእጃችን የነካን፣ ለመጸየፍ የማንቸኩል ሰዎች መሆናችንን እንዲያውቁልን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው «አንገሸገሸኝ» ሲል ቢታመን መልካም ነው።

3. አሁን ስለ እህቴ። ታላቅ እህቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ገና በሃያዎቹ ሳለች በሕመም ምክንያት የዓይኗን ብርሃን አጥታለች። እናታችን ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ ደግሞ አሥራ ስድስት፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በሰፈሩ የመጨረሻው ቤት፣ ከማጣሪያው ጎን ያለው፣ የእሷ ነው። የእኔ ከእሷ በላይ ያለው ነው። ከበሯ እስከ መውጫው ሳጥን ሃምሳ ሦስት እርምጃ ነው፤ ቆጥራዋለች። ጠዋት ጠዋት ከዘራዋን ይዛ ትወርድና ክዳኑን አስከፍታኝ ጎንበስ ብላ ታሸታለች። «ዛሬ ደህና ነው፣ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል» ትለኛለች፤ ወይም «አንዱ ቤት የመጥበሻ ዘይት ደፍቷል፣ ሂድና ተቆጣልኝ» ትላለች። ሄጄ ሳጣራ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። መሐንዲሷ ይህን ባየች ጊዜ በዕለታዊ መዝገባችን ላይ ከውኃው ከፍታና ከቀለሙ ቀጥሎ «ሽታ» የሚል ዓምድ ጨመረችላት። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰፈሩም «ላቦራቶሪ» የሚል ቅጽል ስም አወጣላት። «ላቦራቶሪ፣ እንዴት አደርሽ?» ሲሏት «ከእናንተ ሽንት ቤት የተሻልኩ ነኝ» ትላቸው ነበር። ያ ጨዋታ ዛሬ የለም።

4. ከአራት ወር በፊት፣ ከሌሎች ትንንሽ ከተሞች የተውጣጡ እንግዶች የማጣሪያችንን አሠራር ለማየት እንደሚመጡ ተነገረን። ደስ አለን። ከጉብኝቱ አሥር ቀን ቀደም ብሎ የቅርንጫፉ ኃላፊ አንድ የማስዋብ ባለሙያ አስከትለው መጡ። ከመኪናቸው አልወረዱም። መስታወቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገው ሸምበቆውን ቃኙና «ይሄ ሁሉ አረም ምንድን ነው? እንግዳ የሚመጣበት ቦታ እንዲህ ይተዋል?» አሉ። ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። «አባባ፣ እርስዎ ቧንቧዎን ይዩ፤ ውበቱን ለባለሙያ ይተዉ» ብለው መስታወቱን ዘጉት።

በማግስቱ ሰባት ሰው ማጭድና ዶማ ይዞ መጣ። ከሰው ቁመት በላይ የነበረው ሸምበቆ በግማሽ ቀን ታጭዶ አለቀ፤ ጉቶው ሳይቀር ተነቀለ። ከዚያም ሁለት ገልባጭ መኪና ቀይ አፈር በታጠበው ጠጠር ላይ ተደፋ፣ ሳር ተነጠፈበት፣ ዙሪያውን ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ተደረደረ፣ መሃሉ ላይ ጽጌረዳ ተተከለ። ክቡር ሆይ፣ ሰዎቹ እኮ የሚመጡት ሸምበቆ ለማየት ነበር! ሊታይ የታሰበውን ነገር ነቅሎ ጥሎ በቦታው ሳር ማሳየት ከየት የመጣ ብልሃት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

5. አፈሩ በገባ በሦስተኛው ቀን ጠጠሩ ታፈነ። ፍሳሹ መሄጃ ሲያጣ በአዲሱ ሳር መሃል ፈንቅሎ ወጣ፤ ጽጌረዳዎቹ ሰገራ ውስጥ ቆመው ቀሩ። የቅርንጫፉ ሰዎች አፈሩን በማንሳት ፈንታ የሳሩን ላይ አጥበው የመግቢያውን ቫልቭ ዘጉ፤ ፍሳሹ ማጣሪያውን ሳይነካ እንዲያልፍም ከማቆያው ጉድጓድ ጀምረው «ጊዜያዊ» ያሉትን ቦይ ቆፈሩ። ቦዩ ክፍት ነው። ከእህቴ በር አንድ እርምጃ ተኩል ያህል ብቻ ይርቃል። ማንም ቫልቩን እንዳይከፍተው ብለው እጀታውን ፈትተው ይዘውት ሄዱ።

በጉብኝቱ ዋዜማ የውኃ ታንከር መጣ። ማጣሪያው ስለ ተዘጋ መውጫው ሳጥን ደርቆ ነበርና በንጹሕ የቧንቧ ውኃ ይሞላ ተባለ። ክዳኑን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ጎማውን የያዝኩትም እኔው ነኝ። «ለአንድ ቀን ነው፤ ሰኞ አፈሩን እናነሳለን፣ ሸምበቆውንም እንመልሳለን» አሉኝ። «የማስዋብ ሥራው የተጠናቀቀበትን ማጣሪያ በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚል ወረቀት ሰጡኝ፤ ልቤ እያወቀ ፈረምኩ። ምነው ያን ቀን አፈር በበላሁ!

6. የጉብኝቱ ዕለት የሰፈሩ ውኃ ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋ፤ እንግዶቹ እስኪሄዱ ማንም የሽንት ቤት ውኃ እንዳይለቅ ነው። ቦዩ በቆርቆሮ ተሸፍኖ ላዩ ላይ የአበባ ማሰሮ ተደርድሮበት ነበር። ለእኔም ቆብና «ሞዴል ተንከባካቢ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ሠላሳ አራት ዓመት በሰው ሽንት ቤት ሥር ተንበርክኬ ስሠራ አንድም ቀን ያጨበጨበልኝ ሰው አልነበረም።

ከእንግዶቹ አንዷ «ሸምበቆው የት አለ?» ብላ ጠየቀች። የቅርንጫፉ ኃላፊ ምንም ሳያፍሩ «ከመሬት በታች ነው፤ አዲሱ ዘዴ እንዲህ ነው» አሏት። ሴትዮዋ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ምናልባት አሁን የሆነ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሸምበቆ ለመቅበር ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች ይኖራሉ።

ከዚያ ኃላፊው እጅጌያቸውን ሰብስበው ከመውጫው ሳጥን በእጃቸው ውኃ ዘግነው ፊታቸውን ታጠቡ። ፎጣ ይዤ ከጎናቸው የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ፎቶግራፉም ላይ አለሁ። አንድ ባለሙያም ከዚያው ሳጥን ለላቦራቶሪ ምርመራ በጠርሙስ ውኃ ቀዳ። ይህን ጊዜ እህቴ ከዘራዋን ተደግፋ ጠጋ አለች፣ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ቀና ብላም ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ይሄ የእኛ ውኃ አይደለም። ክሎሪን ይሸታል። የቧንቧ ውኃ ነው» አለች።

ኃላፊው እኔን አዩኝ። እኔም፣ ቆቤን እንዳጠለቅኩ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እትዬ፣ ዝም በይ። አርጅተሻል፣ አፍንጫሽ ደክሟል» አልኳት። ኃላፊው ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ እንግዶቹም ሳቁ። እሷ ዞረች፣ ከዘራዋን መሬት ላይ እያንኳኳች እርምጃዋን ቆጥራ ቤቷ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ ማጣሪያው አጠገብ ደርሳ አታውቅም። መዝገቡን ይዤ ሄጄ «ዛሬስ ምን ይሸታል?» ብላት «የደከመ አፍንጫ ምን ያውቃል?» አለችኝ። የሽታው ዓምድ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ባዶ ነው።

7. ሰኞ መጣ፤ አፈሩን ሊያነሳ የመጣ ሰው ግን የለም። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስድስት ሰኞ አልፏል። የአበባ ማሰሮዎቹንና ቆርቆሮውን ግን በማግስቱ ጫኑት፤ ለሌላ ጉብኝት ያስፈልጋል ተባለ። እንግዲህ ክቡርነትዎ እንዲህ ብለው ያስቡት፦ ጠዋት ሰው ሁሉ ሲነሳ አርባ ስምንት ቤት የሽንት ቤት ውኃ ይለቃል፤ ያ ሁሉ አንድ በአንድ በእህቴ በር ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበረታ ዝቃጩ ዳርና ዳር ይደርቅና ይላጣል። ዝንቡ ግድግዳዋን አልብሶታል። ውኃ ስትጠጣ ብርጭቆውን በመዳፏ ትከድናለች፤ ስትበላ አፍንጫዋን በሻሽ ታስራለች። እኛ ሌሎቻችን ለምደነዋል፤ ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው። ከሰፈሩ ሁሉ የሚበልጥ አፍንጫ ያላት ሰው ግን አልለመደችውም፣ አትለምደውምም።

ከሰባት ሳምንት በፊት፣ ጠዋት፣ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። የቦዩ ዳር ተንዶ ኖሮ የምታውቀው አንድ እርምጃ ተኩል ወደ አንድ እርምጃ ጠብቦ ነበር። ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ እስከ ወገቧ ገብታ፣ ራሷም ተነክሮ ኖሮ ከጸጉሯ እየተንጠባጠበ፣ ዳሩን በሁለት እጇ ይዛለች። ጎትቼ አወጣኋት፣ ግቢዋ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት፣ አራት ባልዲ ውኃ አፈሰስኩባት። ልጅ ሆኜ ገላዬን ታጥበኝ የነበረችውን ሴት፣ እኔ ስድሳ አንድ ዓመት የሞላኝ ሰው፣ የሰፈሩን ሰገራ ከጸጉሯ ላይ አጠብኩላት። አላለቀሰችም። «ከጸጉሬ ወጣ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «ወጥቷል» አልኳት። አልወጣም ነበር፤ እሷም ታውቃለች።

ከዚያ ወዲህ ከክፍሏ አትወጣም። «እኔ ጋ እንሂድ፣ አልጋ አለ» ብዬ ለምኛታለሁ። «እዚህ ግድግዳውን አውቀዋለሁ፣ በሩን አውቀዋለሁ፣ ውኃው የተቀመጠበትን አውቀዋለሁ። አንተ ቤት ስገባ ነው ዕውር የምሆነው» አለችኝ።

8. ሦስተኛውን አቤቱታ ካስገባሁ በኋላ ከቅርንጫፉ የሚከተለው ምላሽ ደረሰኝ፤ ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት፦ «ማጣሪያው በጉብኝቱ ዕለት በላቦራቶሪ ተመርምሮ ንጹሕ ውኃ የሚያወጣ መሆኑ የተረጋገጠ፣ በተንከባካቢውም ፊርማ በመልካም ሁኔታ ርክክብ የተፈጸመበት በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ለተከሰተው ብልሽት መንስኤው የነዋሪዎች የአያያዝ ጉድለት ነው። ማጣሪያው አገልግሎት የማይሰጥ ሆኖ ስለ ተገኘ በዚህ ወር በ29ኛው ቀን እንዲደፈንና ቀደም ሲል በጊዜያዊነት የተቆፈረው ቦይ በቋሚነት እንዲያገለግል ተወስኗል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከቦዩ ሽታ ይልቅ ያቅለሸለሸኝ ይህ ነው፦ ገድለውት ሲያበቁ ገዳዩ እናንተ ናችሁ ይሉናል፤ ምስክራቸው ደግሞ የእኔ ፊርማ ነው። ዓይን ያወጣ ነገር አይቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም።

ሆኖም አንድ ነገር አድርገውልኛል፤ ማስረጃ ነው ብለው የላቦራቶሪውን ውጤት ከደብዳቤው ጋር አያይዘውልኛል። ማንም ያነበበው አይመስለኝም። እኔ መነጽሬን አድርጌ እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ። በዘጠነኛው መስመር ላይ «ቀሪ ክሎሪን፦ 0.5» ይላል። ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ይህን የማያውቅ ሰው እንደማይኖር አምናለሁ፦ ክሎሪን የሚጨመረው በመጠጥ ውኃ ላይ ነው። በአርባ ስምንት ቤት ሽንት ቤትና ማድ ቤት ዞሮ፣ በማቆያ ተኝቶ፣ በጠጠር ውስጥ ቀናት ፈጅቶ ከሚወጣ ውኃ ውስጥ ቀሪ ክሎሪን አይገኝም። ማጣሪያችን ጥሩ ነበር፤ ክሎሪን ግን አይሠራም። ያ ጠርሙስ የተቀዳው ከታንከሩ ውኃ ነው። መሣሪያው ያገኘውን እህቴ ቀድማ በአፍንጫዋ አግኝታው ነበር፤ ልዩነቱ መሣሪያውን ዝም በል ያለው ሰው አለመኖሩ ነው።

9. ስለዚህ የሚከተለውን በራሴ ላይ እመሰክራለሁ። የርክክቡን ወረቀት ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ ፈርሜአለሁ። የታንከሩን ጎማ በእጄ ይዣለሁ። እውነቱን የተናገረችውን ሰው በሰው ፊት አሳፍሬ ዝም አሰኝቻለሁ። በዚህ ምክንያት የሚደርስብኝ ቅጣት ቢኖር እቀበላለሁ፤ ቆቡንና የምስክር ወረቀቱንም ከዚህ ጋር መልሼአለሁ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ግን እኔ እየሸተትኩ እሳቸው በፎቶግራፉ ላይ ንጹሕ ሆነው መቅረታቸውን አልቀበልም።

በመዝገባችን ላይ የጉብኝቱ ዕለት የሽታ ዓምድ ባዶ ነበር። ዛሬ ሞልቼዋለሁ። ማንም ቀን አጭበርብሯል እንዳይለኝ የዛሬውን ቀን አጠገቡ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፦ «ክሎሪን።»

10. በመሆኑም ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው ይህንን ነው።

ሀ) የ29ኛው ቀን ውሳኔ ተፈጻሚ ከመሆኑ በፊት እንዲታገድልን። ሌላው ሁሉ ሊዘገይ ይችላል፤ ይህ አይዘገይም። ጠጠሩ ላይ ተጨማሪ አፈር ተደፍቶ ከተጠቀጠቀ በኋላ ማጣሪያ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ቦዩም ከእህቴ በር ላይነሳ ነው።

ለ) የቫልቩ እጀታ እንዲመለስልን። ክንድ የምታክል ብረት ናት፤ በቅርንጫፉ ኃላፊ ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጣ በዓይኔ አይቻታለሁ፣ የወረቀት መጫኛ አድርገዋታል።

ሐ) አፈሩን አንስተን፣ ጠጠሩን አጥበን፣ ሸምበቆውን መልሰን እንድንተክል በጽሑፍ እንዲፈቀድልን። ጉልበቱ የእኛ ነው፤ የወንፊት ተራ የሚወጣው ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ይወጣል፣ ባለ ሰው ሠራሽ ጥርሱም ጭምር። ሸምበቆም ከየትም አናመጣም። ያን ጊዜ ተነቅሎ ከተጣለው ክምር ላይ ሕይወት ያለውን ጉቶ ለቅሜ በተቀደደ ባልዲ፣ በቀለም ቆርቆሮና በአሮጌ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ተክዬዋለሁ። ግቢዬ መተላለፊያ የለውም፤ ባለቤቴ ወደ ማድ ቤት የምትሄደው በጎን እየተሽሎከለከች ነው። ዛሬ ሸምበቆው ወገቤ ደርሷል።

መ) ማጣሪያው ሥራ ጀምሮ ሥሩ ሲይዝ፣ ከቅርንጫፉ ውጪ የሆነ ባለሙያ ልከው ከመውጫው ሳጥን አዲስ ናሙና እንዲያስቀዱልን። በዚያ ቀን እህቴ እንድትገኝና ከባለሙያው አስቀድማ እንድታሸት፣ የተናገረችውም ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር አንድ ላይ እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ። ውኃው ቢገማም ይገማል ትላለች፤ አታዳላልንም።

11. ይህን አቤቱታ ከመፈረሜ በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። በሯ ተዘግቷል፣ መስኮቷ በጨርቅ ተወትፏል፤ በመብራት ነው ያነበብኩት፣ ውጭ ቀን ሳለ። ስለ ጥርሱ ስትሰማ ትንሽ ሳቀች። ስለ ጸጉሯ ያለውን ስደርስበት ልዘለው ነበር፤ «አንብበው» አለችኝ፣ አነበብኩት። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጣጥፍ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ዝም በይ ያልከኝን ጽፈኸዋል አይደል? ደህና ሰምቻለሁ?»

«ጽፌዋለሁ፣ እትዬ» አልኳት።

«እንግዲያው ቀለሙን አምጣው» ብላ አውራ ጣቷን ዘረጋችልኝ።

መስኮት ዘግቼ ላነበብኩት ደብዳቤ፣ መስኮት የሚያስከፍት ምላሽ እንደሚሰጡኝ ተስፋ በማድረግ፣

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የሸምበቆ ማጣሪያው ተንከባካቢ
ስሜና የቤቴ ቁጥር በፖስታው ጀርባ ሰፍሯል።

(የአውራ ጣት አሻራ)
ታላቅ እህቱ፤ በጉብኝቱ ዕለት ክሎሪን ይሸታል ያለችው

አባሪ፦ የላቦራቶሪው ውጤት አንድ ገጽ (ዘጠነኛው መስመር ተሰምሮበታል)፤ የቅርንጫፉ ምላሽ አንድ ገጽ፤ የስድስት ዓመት ዕለታዊ መዝገብ፤ ፎቶግራፍ አንድ (ፎጣ የያዝኩት እኔ ነኝ)፤ ቆብ አንድ፤ የምስክር ወረቀት አንድ።

ግልባጭ፦ ለቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ፤ በመኪና መስታወት ሳይሆን በእጅ የተሰጠ።